ከቀብዱ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት

በየሰፈሩ የሚሰማ ታሪክ ነው። ልጅ አንድ ቀን ማታ ይመጣና፣ “አባዬ፣ የሚሸጥ ዳቦ ቤት አግኝቻለሁ። ባለቤቱ ወደ ውጭ አገር ሊሄድ ስለሆነ ቸኩሏል። ሌላ ገዢ ሳይቀድመን ቀብድ እንስጥ” ይላል። እናት ትንሽ ታቅማማለች፣ አባት ያስባል፣ ደላላው በየሰዓቱ ይደውላል። በሦስተኛው ቀን የዕድሜ ልክ ቁጠባ ከባንክ ይወጣል። ማስረጃውም ከጽሕፈት ቤት የተተየበ አራት መስመር ወረቀት ይሆናል። ከወር በኋላ ቤቱ የኪራይ እንደሆነና አከራዩ ለአዲስ ሰው ማከራየት እንደማይፈልግ ይሰማል። የግብር ዕዳ ይገኛል። አንዱ መጋገሪያ ከተበላሸ ዓመት ሞልቶታል። ቀብዱን ለማስመለስ ደግሞ ሽምግልና፣ ከዚያም ፍርድ ቤት ነው።

እንዲህ ያለው ቤተሰብ ችግሩ መግዛቱ አይደለም። ችግሩ “እፈልጋለሁ” ከሚለው ቃል ተነሥቶ በአንድ እርምጃ “ከፈልሁ” ላይ መድረሱ ነው። በመካከሉ አንድ ደረጃ ነበረ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ያንን ደረጃ ሳይረግጡ አያልፉም። ቢሮዎች “ሌተር ኦፍ ኢንተንት” ይሉታል፤ በአማርኛ የሐሳብ መግለጫ ደብዳቤ ብንለው ይስማማዋል። ጠበቃና ፎቅ ላለው ድርጅት ብቻ የተፈጠረ ነገር አይደለም። ለአንድ ሱቅ፣ ለአንድ ወፍጮ ቤት፣ ለአንድ ዳቦ ቤትም ይሠራል።

በሆስፒታል ያገለገለ ሰው ያልተጻፈ ነገር እንዳልተደረገ መቁጠርን ይለምዳል። ተረኛ ለተረኛ በሽተኛ ሲያስረክብ ምን እንደታወቀ፣ ምን ገና እንደሚጠበቅ፣ እስከ መቼ እንደሚጠበቅ በቻርቱ ላይ ይሰፍራል። የሐሳብ መግለጫ ደብዳቤም ሥራው ይኸው ነው። ገዢና ሻጭ እስካሁን የተግባቡበትን፣ ገና ያልተጣራውንና ማጣሪያው የሚያልቅበትን ቀን በአንድ ገጽ ያስቀምጣል።

ደብዳቤው ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

ሦስት ወረቀቶች በብዙ ቤተሰብ አፍ ይደባለቃሉ፤ መለየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው የሐሳብ መግለጫ ደብዳቤ ነው። “ይህን ንግድ በዚህ ዋጋ ለመግዛት ሐሳብ አለኝ፤ የሚከተሉት ነገሮች ከተጣሩ ዋናውን ውል እንፈራረማለን” ይላል። በደንብ ከተጻፈ ማንንም እንዲገዛ ወይም እንዲሸጥ አያስገድድም።

ሁለተኛው የመግባቢያ ሰነድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወገኖች አብረው ለመሥራት ሲያስቡ የሚፈራረሙት ሲሆን፣ ማን ምን እንደሚያደርግ ይዘረዝራል። ከሐሳብ መግለጫው ጋር ይቀራረባል። የሁለቱንም ጉልበት የሚወስነው ግን ርዕሳቸው ሳይሆን ውስጡ የተጻፈው ነው።

ሦስተኛው ቀብድ ነው። ቀብድ “አስቤያለሁ” ማለት አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ለቀብድ የራሱን አንቀጾች ሰጥቶታል። በአንቀጽ 1883 መሠረት ቀብድ መስጠት ውሉ መደረጉን ያስረዳል። በአንቀጽ 1885 ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ቢተው አጠፌታውን ይመልሳል። ስለዚህ 300,000 ብር ቀብድ የሰጠ ቤተሰብ ሐሳቡን ቢቀይር ገንዘቡን ሊያጣ ነው። ሻጩ ሐሳቡን ቢቀይር ደግሞ 600,000 ብር ሊመልስ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ቀብድን እንደ “ቦታ መያዣ” ይቆጥረዋል፤ ሕጉ ግን እንደዚያ አይቆጥረውም።

“አያስገድድም” ማለት “ዋጋ የለውም” ማለት አይደለም

የሐሳብ መግለጫ ደብዳቤ ለመግዛትና ለመሸጥ አያስገድድም ስንል እንደ ልብ የሚጫወቱበት ወረቀት ነው ማለታችን አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2055 ከውል በፊት ስለሚደረግ ድርድር ይናገራል። አንድ ሰው ውል የመዋዋል ሐሳብ እንዳለው ገልጾ ሌላውን ወጪ ካስወጣው በኋላ ያለ በቂ ምክንያት ሐሳቡን ቢጥል፣ ጥፋት እንደሠራ ይቆጠራል። ገዢው ባለሙያ ከፍሎ መሣሪያ አስመርምሮ፣ ሰነድ አስጣርቶ ሳለ ሻጩ እንዲያው በዘፈቀደ “ትቼዋለሁ” ቢል፣ የወጣው ወጪ ጥያቄ ያስነሣል። በተቃራኒውም ገዢው ሻጩን ዕቃ አስነሥቶ፣ ሠራተኛ አሰናብቶ ካበቃ በኋላ ያለ ምክንያት ቢጠፋ ያው ነው። ደብዳቤው በጽሑፍ መኖሩ ማን ምን እንዳለና ምን ወጪ እንዳስወጣ ለማሳየት ይረዳል።

በውጭው ዓለም የታወቀ ምሳሌም አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 መጀመሪያ ፔንዞይል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጌቲ ኦይልን ለመግዛት በመርሕ ደረጃ ተስማምቶ ነበር፤ ዋናው ውል ግን ገና አልተፈረመም ነበር። በመካከሉ ቴክሳኮ የተሻለ ዋጋ አቅርቦ ጌቲን ወሰደው። ጉዳዩ ቴክሳስ ፍርድ ቤት ቀረበና እ.ኤ.አ. በ1985 የዳኞች ጉባኤ ስምምነቱ አስገዳጅ ነበር ብሎ በቴክሳኮ ላይ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ካሣ ፈረደ። ቴክሳኮ የኪሣራ ጥበቃ እስከ መጠየቅ ደረሰ፤ በመጨረሻም በ3 ቢሊዮን ዶላር ተስማሙ። ጉዳዩ የሌላ አገር ሕግ ቢሆንም ትምህርቱ ለማንም ይሆናል። ወረቀታችሁ አስገዳጅ እንዲሆን ካልፈለጋችሁ አስገዳጅ አለመሆኑን በግልጽ ጻፉ፤ በልብ ማሰብ ብቻውን አይበቃም። የእኛም ሕግ በአንቀጽ 1680 ተዋዋይ በልቡ ያስቀረውና ለሌላው ያላስታወቀው ነገር የሰጠውን ስምምነት እንደማይነካ ይደነግጋል።

ምን ምን ይጻፍበት?

ምሳሌያችን ያው ዳቦ ቤት ይሁን። ዋጋው 1,800,000 ብር ነው እንበል። ደብዳቤው የሚከተሉትን ሊይዝ ይገባል።

1. ማን ለማን። የገዢና የሻጭ ሙሉ ስም ከነአያት፣ በመታወቂያ ላይ እንደተጻፈው። ገንዘቡ የወላጅ ሆኖ የሚሠራው ልጅ ከሆነ ገዢው ማን እንደሆነ እዚህ ላይ ይለይ።

2. ምን ይሸጣል። “ዳቦ ቤቱ” ማለት አይበቃም። መጋገሪያው፣ ሊጥ ማቡኪያው፣ መደርደሪያው፣ ሚዛኑ፣ ስሪ ፌዝ ቆጣሪው፣ የንግድ ስሙ፣ በመጋዘን ያለው ዱቄት አንድ በአንድ ተዘርዝሮ ከደብዳቤው ጋር ይያያዝ። ቆጣሪው በማን ስም እንደሆነም ይጻፍ።

3. ዋጋውና አከፋፈሉ። ዋጋው በአኃዝም በፊደልም ይጻፍ፤ በስንት ዙር እንደሚከፈልና በባንክ እንደሚሆን ይገለጽ። የደላላውን ክፍያ ማን እንደሚሸፍንም አሁኑኑ ይነገር።

4. ቅድመ ሁኔታዎች። የደብዳቤው ልብ ይህ ነው። አከራዩ ለአዲሱ ገዢ ለማከራየት በጽሑፍ ይስማማል ወይ? ሻጩ የግብር ክሊራንስ ያመጣል ወይ? መሣሪያው በባለሙያ ሲታይ ይሠራል ወይ? የንግድ ፈቃድ በሰው ስም የሚወጣ ስለሆነ፣ ገዢው በራሱ ስም ፈቃድ ማውጣት የሚችልበት ቦታ ነው ወይ? ሠራተኞች ካሉ ያልተከፈለ ደመወዝ አለ ወይ? በአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን ድርጅት ባለቤት መለወጡ ብቻውን የሥራ ውልን አያቋርጥም። ስለዚህ አዲሱ ገዢ ሠራተኞቹን ከነታሪካቸው እንደሚረከብ ያስብ።

5. ጊዜ። “በቅርቡ” የሚል ቃል አይጻፍ። “እስከዚህ ቀን ድረስ” ተብሎ ቀንና ወር ይጠቀስ። ለእንዲህ ያለ ንግድ 30 ቀን ብዙውን ጊዜ ያጣራል። ቀኑ ካለፈ ደብዳቤው በራሱ እንደሚያበቃ ይጻፍ።

6. ሻጩ ለሌላ እንዳይሸጥ። በእነዚህ ቀናት ሻጩ ከሌላ ገዢ ጋር እንደማይደራደር ቃል ይግባ። ለገዢው ዋናው ጥቅም ይህ ነው፤ “ሌላ ገዢ ይቀድማችኋል” የሚለውን ሩጫ የሚያስቆመውም ይኸው ነው።

7. ምሥጢር። ገዢው የሻጩን የሽያጭ ደብተር፣ የዱቄት አቅራቢውን፣ ደንበኞቹን ያያል። ግዢው ባይሆን ያየውን ለሌላ እንደማያወራ ይጻፍ። ይህ ለሻጩ ክብርም ጥቅምም ነው።

8. የሚያስገድደውና የማያስገድደው። ቁጥር 6 እና 7 ያስገድዳሉ፤ የቀረው ሐሳብ ነው ተብሎ በማያሻማ አማርኛ ይለይ።

እነዚህ ሲገጣጠሙ ደብዳቤው ይህን ይመስላል፦

ቀን ________
ለአቶ/ወ/ሮ ________
ጉዳዩ፦ የዳቦ ቤት ግዢ ሐሳባችንን ስለመግለጽ

በ________ ክፍለ ከተማ ወረዳ ________ የሚገኘውንና በእርስዎ ስም የንግድ ፈቃድ የወጣለትን ዳቦ ቤት፣ በተያያዘው ዝርዝር ከተመለከቱት ዕቃዎች ጋር በብር 1,800,000 (አንድ ሚሊዮን ስምንት መቶ ሺህ ብር) ለመግዛት ሐሳብ እንዳለን እንገልጻለን። ዋናውን ውል የምንፈራረመው የቤቱ አከራይ ለእኛ ለማከራየት በጽሑፍ ሲስማማ፣ የግብር ክሊራንስ ሲቀርብና መሣሪያዎቹ በባለሙያ ታይተው መሥራታቸው ሲረጋገጥ ነው። ይህንን እስከ ________ ቀን ድረስ አጣርተን እንጨርሳለን። እስከዚያ ቀን ድረስ እርስዎ ከሌላ ገዢ ጋር ላለመደራደር፣ እኛም የተመለከትነውን የሂሳብ መረጃ ለሌላ ሰው ላለመግለጽ ተስማምተናል። ከእነዚህ ሁለት ግዴታዎች በስተቀር ይህ ደብዳቤ የሽያጭ ውል አይደለም፤ የትኛውንም ወገን እንዲሸጥ ወይም እንዲገዛ አያስገድድም። ቀብድ አልተከፈለም። ቀኑ ሲያልፍ ደብዳቤው ያበቃል።

የገዢ ፊርማ ________ የሻጭ ፊርማ ________
ምስክሮች 1ኛ ________ 2ኛ ________

ሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ ለገዢ፣ አንዱ ለሻጭ ይሁን። በጽሑፍ መሆን ያለበት ውል በተዋዋዮቹ ተፈርሞ በሁለት ምስክሮች መረጋገጥ እንዳለበት ሕጉ በአንቀጽ 1727 ስለሚያዝዝ፣ ለዚህም ደብዳቤ ሁለት ምስክር ማቆም ደግ ልማድ ነው።

የሚያሳስቱ ቃላት

በእንዲህ ያለ ደብዳቤ ውስጥ “ገዝቻለሁ”፣ “ሸጫለሁ”፣ “ተዋውለናል”፣ “ተረክቤያለሁ” የሚሉ ቃላት ከገቡ ደብዳቤው መልኩን ይለውጣል። “ለመግዛት ሐሳብ አለኝ” እና “ገዝቻለሁ” በአፍ ሲነገሩ የተቀራረቡ ይመስላሉ፤ በዳኛ ፊት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። “ለጊዜው የተሰጠ” ተብሎ የሚጻፍ ገንዘብም አደገኛ ነው። ቀብድ ነው? አደራ ነው? ቅድመ ክፍያ ነው? ሻጩ ያለ ገንዘብ አልጠብቅም ካለ፣ የሚሰጠው ገንዘብ ትንሽ ይሁን፤ “ቀብድ አይደለም፣ ቅድመ ሁኔታዎቹ ካልተሟሉ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል” ተብሎም ይጻፍ።

ጉዳዩ ቤት ወይም ሌላ የማይንቀሳቀስ ንብረት ከሆነ ጥንቃቄው ይበልጣል። በአንቀጽ 1723 መሠረት እንዲህ ያለ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ሥልጣን ባለው ውል አዋዋይ ፊት መደረግ አለበት። አንቀጽ 1721 ደግሞ ለዋናው ውል የታዘዘው ፎርም ለቅድመ ውሉም እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። ስለዚህ በሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ የተፈረመ የቤት “ቅድመ ውል” ብዙ ሊያስተማምን አይገባም። የሐሳብ መግለጫው ሐሳብ ሆኖ ይቆይ፤ ውሉ ሲደርስ በቀጥታ ወደ ውልና ማስረጃ መሄድ ነው።

ቤት ውስጥ መጀመሪያ መነጋገር

ከሻጩ ጋር ከመጻፍ በፊት ቤተሰቡ እርስ በርሱ መጻፍ ያለበት ነገር አለ። ብዙ ወላጅ “ከልጄ ጋር ምን ወረቀት ያስፈልገኛል?” ይላል። ፍቅር ወረቀት እንደማይፈልግ እውነት ነው፤ ገንዘብ ግን ይፈልጋል።

ለልጅ የሚሰጠው ገንዘብ ስጦታ ነው? ብድር ነው? ወይስ ወላጅ በንግዱ ባለድርሻ ሊሆን ነው? ሦስቱ የተለያዩ ናቸው። ብድር ከሆነ በአንቀጽ 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነን ብድር በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ ማስረዳት አይቻልም። ምስክር ጎረቤት ቢሰለፍም አይረዳም። ለአንድ ልጅ የተሰጠው ሳይጻፍ ከቀረ፣ ወላጅ ሲያልፍ በልጆች መካከል የሚነሣው ጠብ ከዳቦ ቤቱ ዋጋ ይበልጣል።

ባልና ሚስትም በአንድ ቃል ይቁሙ። በፌዴራል ደረጃ የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 68 የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ፣ ከ500 ብር በላይ ለመበደር ወይም ለማበደር፣ ለዚህን ያህል ዕዳም ዋስ ለመሆን የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው፤ ባልና ሚስት መመካከራቸው ግን በየትም ቢሆን የሚያስመሰግን ነው። በደብዳቤው ላይ ሁለቱም ቢፈርሙ ነገ “እኔ አላውቅም ነበር” የሚል የለም።

ገንዘቡን የምትልከው በዱባይ ወይም በአሜሪካ ያለች ልጅ ከሆነች፣ ወላጅ በስሟ የሚፈርመው በውክልና ነው። ያለ ውክልና በስሟ አትፈርሙላት። ሕጋችን ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ እንደሚያገለግል ይገልጻል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ፣ ገንዘብን በንግድ ላይ ለማዋል በአንቀጽ 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ልጅቱ ባለችበት አገር ወደ ኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሄዳ የምትሰጠው ውክልና ይህን ሥልጣን በስሙ ጠርቶ እንዲይዝ አስቀድማችሁ ንገሯት።

ለአያቶች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ማንበብና መጻፍ የማይችል ወይም ዓይኑ የማያይ ሰው በወረቀት ላይ የሚያሳርፈው የጣት አሻራ በአንቀጽ 1728 መሠረት በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። ይህ የተደነገገው እናንተን ለመጠበቅ ነው። “እማማ፣ እዚህ ላይ ብቻ ይንኩልኝ” የሚል ካለ “ውልና ማስረጃ እንሂድና እዚያ እነካለሁ” ማለት መብታችሁ ነው። የሚወዳችሁ ልጅ በዚህ አይቀየምም።

ሠላሳው ቀን ምን ይሠራበት?

ደብዳቤው ከተፈረመ በኋላ ያለው ጊዜ የዕረፍት አይደለም፤ የማጣሪያ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አከራዩን በአካል አግኙት፤ ኪራዩን ጨምሮ ሊያከራይ እንደሆነ ከራሱ አፍ ስሙ፤ የተስማማውንም አስጽፉ። በሁለተኛው ሳምንት መሣሪያውን የሚያውቅ ባለሙያ ወስዳችሁ ከባዶው ሳይሆን በሥራ ሰዓት፣ ሊጥ ገብቶበት ያየው። በሦስተኛው ሳምንት የመብራትና የውኃ ሂሳብ ውዝፍ እንደሌለበት፣ ክሊራንሱ መምጣቱን አረጋግጡ። በዚሁ ጊዜ ልጁ አንድ ሁለት ቀን ከንጋቱ ጀምሮ ሱቁ አጠገብ ቆሞ ስንት ዳቦ እንደሚሸጥ ይቁጠር። ሻጩ በደብተሩ ያሳያችሁና ልጁ የቆጠረው ከተራራቁ ዋጋውን እንደገና መነጋገሪያው ጊዜ አሁን ነው።

በአራተኛው ሳምንት ሁለት ነገር ይሆናል። ሁሉም ከተጣራ ዋናው ውል በጠበቃ ታይቶ፣ በጽሑፍ ተደርጎ፣ ገንዘቡ በባንክ ተላልፎ፣ ዕቃው በዝርዝሩ መሠረት ይረከባል። አንዱ ቅድመ ሁኔታ ከጎደለ ደግሞ ምክንያቱን ጠቅሳችሁ በአጭር ደብዳቤ “በዚህ ምክንያት ግዢውን ትተነዋል” ትላላችሁ። ምክንያት ጠቅሶ መተውና በዘፈቀደ መተው በሕጉም በሰው ፊትም አንድ አይደሉም። ከሻጩ ጋር ያለ ኩርፊያ ትለያያላችሁ፤ ቁጠባችሁም በባንክ እንዳለ ነው።

ሻጩ አንድ ገጽ ለመፈረም ፈቃደኛ ካልሆነስ? “ቃሌ ይበቃል፣ እኔን አታምኑኝም ወይ?” ካለስ? ቀና ሻጭ ደብዳቤው እሱንም ከዘባራቂ ገዢ እንደሚጠብቀው ይገባዋል። ይህ ተብራርቶለትም ቀኑን፣ ዝርዝሩንና ክሊራንሱን በወረቀት ማስፈር የሚከብደው ከሆነ፣ የሚከብደው ለምን እንደሆነ ቤተሰቡ ቁጭ ብሎ ይምከርበት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ዕዳውን የደበቀ ንግድም እንዲሁ ነው። የሚሸጥ ዳቦ ቤት ሌላ ይገኛል፤ በሠላሳ ዓመት የተጠራቀመ ገንዘብ ግን እንደገና በሠላሳ ዓመት የሚመለስ አይደለም።